አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ዕይታ ሲያድግ ይሻሻላል ወይስ ይደክማል?

ንጋት፦

ሰላም ለዚህ ቤት። አልቢኒዝም (የቆዳ፣ የፀጉርና የዓይን ቀለም ከልደት ጀምሮ የሚያንስበት ሁኔታ) ስላለባቸው ልጆች ዓይን የሚወራው እርስ በርሱ ይጋጫል። «ሲያድጉ ይተዋቸዋል» የሚል አለ፤ «ቀስ እያለ ያጠፋቸዋል» የሚልም አለ። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ አይችሉም። ሙያው ያላችሁ ሰዎች ከልደት እስከ ጉርምስና ምን እንደሚለወጥና ምን እንደማይለወጥ ብታስረዱን።

በተለይ ማወቅ የምፈልገው፦ ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጭራሽ የማያይ የሚመስለው ለምንድን ነው? የዓይኑ መወዛወዝስ ይቆማል? መነጽር መቼ ይጀመር፣ በየስንት ጊዜውስ ይለካ? መጽሐፉን አፍንጫው ላይ ለጥፎ ሲያነብ እንከልክለው ወይስ እንተወው? «ሐኪም ያማክሩ» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቁጥርና ምክንያት ያለው መልስ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።

ብሌን፦

ከትልቁ ጥያቄ ልጀምር። አልቢኒዝም ዓይንን እየበላ የሚሄድ በሽታ አይደለም። የዓይኑ አሠራር የሚዛነፈው ልጁ ገና ማሕፀን ውስጥ ሳለ ነው፤ ከተወለደ በኋላ ያለው ሥራ በተገኘው ዓይን ማየት መማር ነው። ስለዚህ ዕይታው ቀስ እያለ ይሻሻልና አንድ ቦታ ላይ ይረጋል። ወደ ኋላ ከተመለሰ ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነው፤ «አልቢኒዝሙ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ከመነሻው የሚጎድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዷ ፎቪያ ናት። በሬቲና፣ ማለትም ምስል በሚያርፍበት የዓይን የኋላ ሽፋን፣ መሐል ያለች ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ስትሆን ፊደል የምናነበውና የሰው መልክ የምንለየው በእሷ ነው። በተለመደው ዓይን ጎድጓዳዋ በእርግዝና መሐል ላይ መሠራት ትጀምራለች። ከልደት በኋላም ኮን የሚባሉት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ወደ መሐል እየተጠጉ ይታጨቃሉ፤ ይህም ቢያንስ እስከ 4 ዓመት ዕድሜ ይቀጥላል። አልቢኒዝም ያለበት ዓይን ላይ ግን ጎድጓዳው ወይ ጨርሶ የለም ወይ ጅምር ሆኖ ቀርቷል፤ ኮኖቹም ሳስተው ነው የሚቀመጡት። ኦሲቲ በተባለው የሬቲና ምስል ጉድለቱ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጠዋል፤ 4 ማለት ከሁሉም የከፋው ነው። የልጁን የነገ ዕይታ መገመት የፈለገ ሰው ፀጉሩ ምን ያህል ነጭ እንደሆነ ከሚያይ ይልቅ ይህን ደረጃ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ሌላው የነርቭ መስመሩ ነው። ከእያንዳንዱ ዓይን ከሚወጡት የነርቭ ክሮች ከግማሽ በትንሹ የሚበልጡት ወደ ተቃራኒው የአንጎል ወገን ይሻገራሉ፤ የቀሩት በዚያው በኩል ይቀጥላሉ። በአልቢኒዝም የሚሻገረው ከሚገባው በላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ዓይኖች የሚልኩት ምስል አንጎል ውስጥ በወጉ አይገጣጠምም፤ ጥልቀትን መለየት ይከብዳል፤ ዓይኖቹም ይንሸዋረራሉ። ይህን የሚመልስ መነጽርም ቀዶ ሕክምናም የለም።

የብርሃኑ ጉዳይ ከሁለቱም የተለየ ነው። አይሪስ፣ ማለትም ብሌኑን የከበበው ቀለም ያለው ክፍል፣ መጋረጃ ነው። ቀለሙ ሲሳሳ ብርሃን በብሌኑ ብቻ ሳይሆን በመጋረጃውም አልፎ ይገባል፤ ውስጥም ገብቶ የሚውጠው ቀለም ስለሌለ ይበተናል። (በነገራችን ላይ ዓይናቸው ቀይ ነው የሚባለው ትክክል አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ፣ ግራጫ ወይም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው፤ ቅላት የሚታየው ብርሃን ገብቶ ሲመለስ ነው።)

አሁን ወደ ዕድሜው። ሌላ ሕፃን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ፊት ላይ ዓይኑን ተክሎ መከተል ይጀምራል። አልቢኒዝም ያለበት ይዘገያል፤ 3 ወር ሞልቶት እንኳ የእናቱን ፊት አልፎ የሚያይ ይመስላል። በዚያው ሰሞን፣ ብዙውን ጊዜ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ኒስታግመስ የምንለው የዓይን መወዛወዝ ብቅ ይላል። ሲጀምር ሰፊና ዝግ ያለ ነው፤ ዓይኖቹ የጠፋ ዕቃ እንደሚፈልጉ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳሉ። ቤተሰብ «ሲወለድ ደህና ነበር፣ አሁን ባሰበት» የሚለው ይሄኔ ነው። አልባሰበትም። ዓይኑ አንድ ነገር ላይ ለማረፍ መሞከር የጀመረበት ዕድሜ ስለሆነ ነው ጉድለቱ የተገለጠው።

ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ አብዛኞቹ ይነቃሉ፤ ፊት ይከተላሉ፣ ለፈገግታ ፈገግታ ይመልሳሉ፣ ዓይናቸው የገባውን ነገር ለመያዝ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራትና ዓመታት መወዛወዙ እየጠበበና እየፈጠነ ይሄዳል። ጨርሶ አይቆምም፤ ነገር ግን ትምህርት ቤት በሚገባበት ዕድሜ ቀርቦ ላላስተዋለ ሰው ላይታይ ይችላል። ሲደክመው፣ ሲያመው፣ ሲጨነቅ ይጨምራል፤ ቅርብ ሲያይ ይቀንሳል። ልጁ ራሱ ግን ዓለም ሲወዛወዝ አያይም፤ አንጎሉ ከጅምሩ ለምዶታል።

ከአንድ ዓመት አካባቢ ጀምሮ አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዙሮ ወይም አገጩን ደፍቶ ማየት ሊጀምር ይችላል። መወዛወዙ በጣም የሚረጋበትን የዓይን አቅጣጫ ስላገኘ ነው። «አንገትህን አቅና» ማለት ያገኘውን ዕይታ መንጠቅ ነው።

የመጨረሻው ውጤት ሰፊ ነው፤ በሁለት ዓይን ሲለካ ከ6/12 እስከ 6/120 ይደርሳል። 6/60 ማለት ሌላው ሰው ከ60 ሜትር የሚለየውን እሱ ከ6 ሜትር ይለየዋል ማለት ነው። ከ5 ወይም ከ6 ዓመት እስከ አሥራዎቹ ዕድሜ ድረስ በዕይታ መለኪያው የፊደል ሰሌዳ ላይ አንድ ሁለት መስመር መጨመር የተለመደ ነው። የሚጨምረው መወዛወዙ ስለሚረጋ፣ መነጽሩ ስለሚስተካከል፣ አንጎሉም ደብዛዛውን ምስል ማንበብ ስለሚለምድ ነው። ልጁ አድጎ ምርመራውን በትዕግሥት መጨረሱም ድርሻ አለው፤ ይህን መካድ አያስፈልግም።

ሊያሳስቡ የሚገቡትን ደግሞ ለይተን እንወቅ፦ 6 ወር አልፎት ምንም የማይከተል ሕፃን፤ በአንድ ዓይን ብቻ የሚታይ ወይም ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ መወዛወዝ፤ ከ6 ወር በኋላ አዲስ የጀመረ መወዛወዝ፤ በዓይኑ ብሌን ውስጥ የሚታይ ነጭ ነገር። ይህ ነጭ ነገር ቀጠሮ የሚጠበቅለት አይደለም፣ በዚያው ቀን ነው የሚታየው። ሌሎቹም «አልቢኒዝም ስላለበት ነው» ተብለው መዝገብ ውስጥ የሚዘጉ አይደሉም።

ባለሌንሱ፦

ብሌን ዓይኑን ጨረሰችልን፤ እኔ መነጽሩ ላይ ልቁም።

ንጋት፣ «መነጽር መቼ ይጀመር» ብለሽ ጠየቅሽ፤ መልሱ በዓመት ሳይሆን በወር የሚቆጠር ነው። አልቢኒዝም እንዳለ ሲታወቅ፣ ቢዘገይ በ6 ወር ገደማ፣ ዓይኑ በጠብታ ላልቶ ይለካል። በእነዚህ ልጆች ላይ ከፍተኛ ፕላስ (ቅርቡን ማየት የሚከብደው) ወይም ከፍተኛ ማይነስ (ሩቁን ማየት የሚከብደው)፣ በዚያ ላይ ከ2 ዳዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) ያለፈ አስቲግማቲዝም፣ ማለትም የዓይኑ ቅርጽ እኩል ባለመሆኑ ምስሉ የሚጎተትበት ችግር፣ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ሌላው ሕፃን ሲያድግ ዓይኑ ራሱን ወደ ዜሮ ያስተካክላል፤ አልቢኒዝም ያለበት ዓይን ላይ ይህ ራስን ማስተካከል ደካማ ነው። ስለዚህ «ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ መጠበቅ ጥሩዎቹን ዓመታት ማባከን ነው። እስከ 3 ዓመት በየ6 ወሩ፣ ከዚያ በዓመት አንዴ ይለካ። ሕፃን ዕቃው ሲቀርብለት ዝም የሚል፣ ሲርቅ የሚሰለች ከሆነ ቀጠሮው ባይደርስም ይለካ።

አለካኩ ላይ የሚበላሸውን ልንገራችሁ። አውቶማቲክ መለኪያ ማሽን የሚወዛወዝ ዓይን ላይ አይታመንም፤ ሦስት ጊዜ ሲለካ ሦስት የተለያየ ቁጥር ያወጣል። ትክክለኛው መንገድ ሬቲኖስኮፕ (ብርሃን ወደ ዓይን እያበሩ ልኩን የሚያነቡበት የእጅ መሣሪያ) ይዞ፣ ሌንስ በእጅ እያስጠጉ፣ ዓይኑ ለአፍታ የሚያርፍበትን ቅጽበት እየጠበቁ መለካት ነው። ጠብታውም የራሱ ጣጣ አለው። ሳይክሎፔንቶሌት እስከ አንድ ቀን፣ አትሮፒን ደግሞ አንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ ብሌኑን ከፍቶ ያቆያል፤ ቀለሙ በሳሳ ዓይን ላይ ጠብታው ቶሎና ጠንክሮ ይሠራል። ብርሃን የሚከብደው ልጅ ብሌኑ ተከፍቶ ባዶ ፊቱን ወደ ፀሐይ ሲወጣ ያለቅሳል። ባርኔጣና ጥቁር መነጽር ይዞ መምጣት እንዳለበት ቀድሞ ሊነገር ይገባል።

ገና መናገር ላልቻለ ልጅ ዕይታውን የምንለካው በባለመስመር ካርድ ነው። ካርዱ ግራጫ ነው፤ በአንዱ ጫፉ ጥቁርና ነጭ መስመሮች አሉበት፤ መሐሉ ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ለኪው በቀዳዳዋ አሾልቆ ልጁ ወዴት እንደሚያይ ያያል። መስመሮቹ እየቀጠኑ ሄደው ልጁ ምርጫ ሲያጣ ያ የዕይታው ወሰን ነው። ዘዴው ግን ለሚወዛወዝ ዓይን መለወጥ አለበት፦ ዓይኑ አስቀድሞ ወደ ግራና ቀኝ እየሄደ ከሆነ ወደ መስመሩ ያየው በፈቃዱ ይሁን በመወዛወዙ አይለይም። ስለዚህ ካርዱ ይቆማል፤ መስመሮቹ ከላይ ወይም ከታች ይሆናሉ፤ ዓይኑ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከሄደ በእርግጥ አይቷል ማለት ነው። ካርዱን አጋድሞ ለክቶ «አያይም» ብሎ የሚጽፍ ባለሙያ ካጋጠማችሁ እንደገና ይለካ በሉ።

ሌላ ግራ የሚያጋባ ነገር፦ በ2 ዓመቱ በካርድ የተገኘው ቁጥርና በ4 ዓመቱ በፊደል ወይም በሥዕል ሰሌዳ የተገኘው ቁጥር በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። መስመር መኖሩን ማወቅና ፊደል መለየት የተለያየ ሥራ ነው። ቁጥሩ «ወረደ» ብላችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት በምን እንደተለካ ጠይቁ።

መነጽሩ የሚያመጣውን ውጤት በልኩ ጠብቁ። ሌንሱ ምስሉን ሬቲናው ላይ ያሳርፋል እንጂ የጎደለውን ፎቪያ አይሠራም። 6/60 የነበረው 6/36 ቢሆን ትልቅ ነገር ነው። አንዳንዴ ሰሌዳው ላይ ምንም ሳይጨምር ልጁ መነጽሩን አላወልቅም ይላል፤ ያ ራሱ መልስ ነው።

ፍሬም ሲመረጥ ልጁ የሚያይበትን አንገት ይዞ ይሞከር። ወደ ጎን አዙሮ የሚያይ ልጅ በሌንሱ ዳር ነው የሚያየው፤ ሌንሱ ትንሽ ከሆነ በፍሬሙ ጠርዝ ላይ ወይም ከሌንሱ ውጭ ያያል። አገጩን ደፍቶ የሚያይ ደግሞ በላይኛው ጠርዝ ላይ አልፎ ያያል። ለእነዚህ ከላይ ወደ ቅንድብ የሚጠጋ፣ ወደ ጎንም ሰፋ ያለ ፍሬም ያስፈልጋል። የአፍንጫ መቀመጫው ከላላ መነጽሩ ይወርዳል፤ ከወረደ የተለካው ቁጥር ሁሉ ከንቱ ነው።

ስለ ጥቁር መነጽር፦ ሰዎች በጣም የጠቆረውን ይመርጣሉ፤ ስህተት ነው። ጥቁረቱ ከ0 እስከ 4 ምድብ አለው። ምድብ 2 ከብርሃኑ ከ18 እስከ 43 በመቶ፣ ምድብ 3 ከ8 እስከ 18 በመቶ ያሳልፋል። ለውጭ ምድብ 3 ለአብዛኛው ልጅ ይበቃል። ምድብ 4 ከ3 እስከ 8 በመቶ ብቻ ስለሚያሳልፍ፣ ድሮም ያነሰ ዕይታ ያለውን ልጅ በጠራራ ፀሐይ ደረጃ ላይ ያደናቅፈዋል። የጥቁረቱ መጠንና የአልትራቫዮሌት መከላከያው የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እስከ 400 ናኖሜትር የሚከላከል መሆኑ ይረጋገጥ። በፀሐይ የሚጠቁረው ሌንስ ምቹ ቢሆንም ቤት ሲገባ ለመንጣት ደቂቃዎች ይፈጅበታል፤ መኪና ውስጥም መስታወቱ አልትራቫዮሌቱን ስለሚያስቀርበት በደንብ አይጠቁርም። ከሁሉም በላይ ግን ከ7 ሴንቲሜትር በላይ ክፈፍ ያለውን ባርኔጣ አትናቁ፤ ከላይና ከጎን የሚመጣውን ብርሃን ሌንስ አይመልሰውም።

ንጋት፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አንድ ልጅ በሁለት ዓይኑ ሲለካ 6/24፣ አንዱ ዓይን ተሸፍኖ ሲለካ ደግሞ በሁለቱም በየተራ 6/60 ነው የሚል ውጤት አየሁ። እንዴት ሁለት 6/60 ተደምሮ 6/24 ይሆናል? ደግሞም ለሸውራራው ዓይን ጥሩውን ዓይን ሸፍኑ የሚባለው ለእነዚህ ልጆችም ይሠራል?

ብሌን፦

ንጋት፣ ጥሩ አድርገሽ አየሽ። ድምር አይደለም፤ መሸፈኑ ራሱ ነው ዕይታውን ያወረደው። ብዙዎቹ ላይ አንድ ዓይን ሲሸፈን የሚቀሰቀስ ተጨማሪ መወዛወዝ አለ። ስለዚህ በጨርቅ ወይም በእጅ ከመሸፈን ፈንታ የማይለካው ዓይን ላይ +5 ወይም +6 ዳዮፕተር ሌንስ ይደረግና ይደበዝዛል፤ ብርሃን ስለሚገባው መወዛወዙ ብዙም አይቀሰቀስም። ልጁ በዕለት ተዕለት ኑሮው የሚጠቀመው በሁለት ዓይኑ የተለካውን ነው፤ ለትምህርት ቤት የሚጻፈውም እሱ ነው። ሲለካም አንገቱን እንደፈለገ ያዙር፣ አትቸኩሉበት፤ የተጨነቀ ልጅ ላይ የሚለካው ጭንቀቱ ነው። የቅርቡም ለብቻው ይለካ፤ ብዙውን ጊዜ ከሩቁ ይሻላል፣ ምክንያቱም ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ሲጠጉ መወዛወዙ ይረጋል።

ሽፋኑ ግን የሚያከራክር ነው። አንዱ ዓይን በግልጽ ከሌላው ከደከመ፣ ወይም ልጁ ሁልጊዜ በአንዱ ብቻ የሚያይ ከሆነ መሸፈን ይረዳል፤ በቀን 2 ሰዓት ገደማ ይጀመራል፣ ልጁ ቅርብ ሥራ ሲሠራ፣ መነጽሩን እንዳደረገ። ዓይኖቹ ተራ በተራ የሚያዩ ከሆነ መሸፈኑ ትርፍ የለውም። ከሁሉ በፊት ሙሉ መነጽር ለጥቂት ወራት ይሞከር፤ አንዳንዱ ሽውርርና በመነጽሩ ብቻ ይቀንሳል።

ባለሌንሱ፦

እዚህ ላይ ትንሽ እለያለሁ። ዕይታው 6/60 በሆነ ልጅ ላይ የተሻለውን ዓይን ሸፍኖ ወደ መዋያ መላክ ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ከተሸፈነ ቤት ውስጥ፣ ተቀምጦ፣ ትልቅ ሰው እያየው ይሁን።

ብሌን፦

እስማማለሁ፤ «ቅርብ ሥራ ሲሠራ» ያልኩትም ለዚህ ነው። ልጨምር፦ ሸውራራውን በቀዶ ሕክምና ማቅናት መልክን ያስተካክላል እንጂ የጥልቀት ስሜት ያመጣል ተብሎ አይጠበቅም። የአንገት መዞሩ በጣም የበዛ ከሆነም ጡንቻዎቹን አዛውሮ ዓይኑ የሚረጋበትን አቅጣጫ ወደ መሐል ማምጣት ይቻላል፤ አንገቱ አንድ ልማድ እስኪይዝ መጠበቅ ስላለበት አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ወይም 5 ዓመት በፊት አይደረግም።

ማንኛውም ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፦ ልጁ ያለምክንያት ይበልዛል? ነስር ይበዛበታል? አዎ ከሆነ ሄርማንስኪ ፑድላክ የተባለው የአልቢኒዝም ዓይነት ይጣራ። በዚህ ዓይነት ፕሌትሌቶቹ (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት የደም ክፍሎች) በቁጥር ሙሉ ሆነው ሥራቸውን በወጉ አይሠሩም፤ ስለዚህ ተራው የደም ቆጠራ «ደህና ነው» ይላል። የአሠራር ምርመራ ያስፈልጋል፤ አስፕሪንም አይሰጥም።

ሰሌዳ፦

መጽሐፍ አፍንጫ ላይ ለጥፎ ስለማንበብ እስካሁን የመለሰ የለም፤ የእኔ ሥራ እሱ ስለሆነ ልመልስ።

ተዉት ያንብብ። አይጎዳውም። ከ40 ሴንቲሜትር ወደ 10 ሴንቲሜትር ሲያቀርበው ፊደሉ ዓይኑ ላይ 4 እጥፍ ይሆንለታል፤ ማጉያ ሳይገዛ ማጉላት ማለት ይህ ነው። ዋጋው ግን አለ። በ10 ሴንቲሜትር ጥርት አድርጎ ለማየት የዓይኑ የውስጥ ሌንስ 10 ዳዮፕተር ያህል መጉበጥ አለበት። የልጅ ዓይን ይህን ይችላል፤ ሰዓት ሙሉ ግን አይችልም። 20 ደቂቃ አንብቦ ራሱን የሚይዝ፣ መስመር የሚዘል፣ «ሰለቸኝ» የሚል ልጅ ሰነፍ ላይሆን ይችላል፤ ዓይኑ ደክሞት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ በታችኛው ክፍሉ ከ2.5 እስከ 3 ዳዮፕተር የተጨመረበት ባይፎካል (ላዩ ለሩቅ፣ ታቹ ለቅርብ የሆነ) መነጽር ይታሰብለት። ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ይህ የመጉበጥ አቅም ይቀንሳል፤ በ8 ዓመቱ ያልፈለገውን እገዛ በ15 ዓመቱ የሚፈልገው ዕይታው ወርዶ ሳይሆን በዚህ ነው።

ማይነስ ያለበት ልጅ ደግሞ ለማንበብ መነጽሩን ያወልቃል፤ አትቆጡት። −6 ያለበት ዓይን ያለ መነጽር ምንም ሳይደክም በ16 ወይም 17 ሴንቲሜትር ላይ በጥራት ያያል። ከፍ ያለ አስቲግማቲዝም ካለው ግን ሲያወልቅ ፊደሉ ስለሚጎተት መነጽሩ ይሻለዋል። ሁለቱንም አስነብቡትና ፍጥነቱን አወዳድሩ።

የፊደል መጠን ላይ «18 ነጥብ» የሚል ቁጥር በየቦታው ይዞራል። ለሁሉም የሚሆን አይደለም። ልጁ እየታገለም ቢሆን የሚለየውን ትንሹን ፊደል ፈልጉ፤ ለማንበቢያ የእሱን እጥፍ ስጡት። በጣም ማግነትም ያዘገያል፤ በአንድ ዕይታ ሁለት ፊደል ብቻ ከገባ ቃሉን በአንዴ አያነበውም። ደግሞ የኤ4 ወረቀትን በኮፒ ማሽን ወደ ኤ3 ማሳደግ ትልቅ ሥራ የተሠራ ያስመስላል፤ ፊደሉን የሚያሳድገው ግን 1.4 ጊዜ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ልጁ ያን ሰፊ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አንገቱን ከጥግ እስከ ጥግ ያመላልሳል። እንደ አዲስ በትልቅ ፊደል መተየብ ይሻላል። ጠረጴዛ ላይ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ያዘነበለ መደገፊያ አድርጉለት፤ አለዚያ መጽሐፉ ወደ እሱ ስለማይመጣ እሱ ወደ መጽሐፉ ይጎብጣል፣ ጀርባውም ያማል። መብራቱ ከትከሻው ኋላ፣ ከሚጽፍበት እጅ በተቃራኒ በኩል ይምጣ። ብርሃን ይፈራል ብላችሁ ጨለማ ውስጥ አታስነብቡት፤ የሚያስቸግረው ዓይኑ ውስጥ በቀጥታ የሚገባው እንጂ ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው አይደለም።

ክፍል ውስጥ፦ ከ6 ሜትር ወደ 1.5 ሜትር ማቅረብ እንደገና 4 እጥፍ ነው። የፊት ወንበር፣ መስኮቱ ከኋላው ወይም ከጎኑ እንጂ ፊት ለፊቱ አይሁን። አንገቱን ወደ ግራ አዙሮ የሚያይ ልጅ ሰሌዳው በዚያ አዟዟር በሚመቸው ጎን እንዲሆንለት ቦታው ይመረጥ፤ ለመምህሩ ይህ የአንድ ወንበር ጉዳይ ነው፤ ለልጁ የዓመት አንገት ሕመም ነው። ነጭ ሰሌዳ ያንጸባርቃል፤ ጥቁር ማርከር ብቻ ይጠቀሙበት፣ ቢጫና አረንጓዴው ለእሱ የለም። ጥቁር ሰሌዳ ከሆነ በደንብ የተጠረገ፣ ጠመኔውም ነጭ ይሁን። መምህሩ የሚጽፈውን እየጮኸ ቢያነብ ከማንኛውም መሣሪያ ይልቃል።

በአንድ ዓይን የሚታይባትን ትንሽ ቴሌስኮፕ ከ5 ዓመት ገደማ ጀምሮ ማስለመድ ይቻላል። 4×12 የሚል ከተጻፈባት 4 ጊዜ ታጎላለች፣ የፊት ሌንሷም 12 ሚሊሜትር ስፋት አለው ማለት ነው። የሚበላሸው ከአጀማመሩ ነው፤ ልጁ ዓይኑ ላይ ካደረጋት በኋላ ዕቃውን መፈለግ ይጀምራል፣ የምታሳየው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ያጣዋል፣ ይተዋታል። ቅደም ተከተሉ ተቃራኒው ነው፦ አስቀድሞ ዕቃውን በባዶ ዓይኑ አግኝቶ አፍንጫውን ወደዚያ ያቅና፤ ከዚያ አፍንጫው ሳይነቃነቅ ቴሌስኮፗን ወደ ዓይኑ ያምጣ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ትልቅ ሰው ጥራቱን አስተካክሎ ይስጠው፤ ዕቃው ትልቅና የማይንቀሳቀስ ይሁን። ማዞሪያዋን ራሱ ማስተካከል፣ መስመር መከተል፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ማየት በኋላ ይመጣል።

ደረጃ ላይ የሚደናቀፈው የመጨረሻውን ጠርዝ ስለማይለይ ነው። በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ 5 ሴንቲሜትር የሚያህል ከደረጃው የሚለይ ቀለም ይቀባ። ኳስም ከሜዳው የሚለይ ደማቅ ቀለም ያለው ይሁን። ቀለም የመለየት ችሎታቸው በአብዛኛው ደህና ስለሆነ በቀለም መጠቀም ትችላላችሁ።

አዲስ_አንባቢ፦

ይቅርታ በመሐል ልግባና፣ ቀለሙን የሚመልስ መድኃኒት ወጥቷል ሲባል ሰምቻለሁ። ዕይታውንም ያሻሽላል? ቫይታሚንስ?

ብሌን፦

ቫይታሚን የጎደለበት ልጅ ከሆነ ለጉድለቱ ይሰጠዋል፤ ፎቪያ አይሠራም። ኤል ዶፓ የተባለው መድኃኒት በንጽጽር ጥናት ተሞክሮ ዕይታ አልጨመረም። ኒቲሲኖን ደግሞ ጥቂት ቀለም ማምረት በሚችል አንድ የአልቢኒዝም ዓይነት ባላቸው አዋቂዎች ላይ ተሞክሮ ፀጉርና ቆዳ ላይ ጥቂት ቀለም ታየ፤ ዕይታው ግን ያን ያህል አልተለወጠም። ምክንያቱን ከላይ ያነበበ ይገምተዋል፦ ቀለሙ የሚያስፈልገው ፎቪያና ነርቭ በሚገነቡበት ጊዜ ነው።

በተፈጥሮም ይኸው ይታያል። ጥቂት ቀለም ማምረት የሚችሉት ዓይነቶች ላይ ልጁ ሲያድግ ፀጉሩና አይሪሱ ይጠቁራሉ። መጋረጃው ስለወፈረ የብርሃን ሥቃዩ ሊቀልለት ይችላል፤ የፊደል ሰሌዳው ላይ ግን በዚያ ልክ አይጨምርም።

ንጋት፦

በጣም ነው የገባኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ዕይታው በእርግጥ ወረደ የሚባለው በስንት ሲሆን ነው? ያን ጊዜስ በምን ይጀመራል?

ባለሌንሱ፦

በአንድ መስመር ልዩነት አትደንግጪ፤ የሚወዛወዝ ዓይን ጠዋትና ማታ እንኳ ያን ያህል ይለያያል። በተመሳሳይ ሰሌዳ፣ በሁለት ዓይን፣ መነጽሩ ተደርጎ፣ ልጁ ዐርፎ ሁለት መስመር ከወረደና በሌላ ቀንም ከተደገመ ወርዷል። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ መነጽሩ ነው፦ ቁጥሩ ተለውጧል፣ ሌንሱ ተቧጭሯል፣ ፍሬሙ ተጣሟል ወይም ልጁ አድጎ ጠቦታል። ማይነሱ በአሥራዎቹ ዕድሜ ቶሎ ሊጨምር ይችላል። በጠብታ ተለክቶ አዲስ መነጽር አድርጎም ካልተመለሰ፣ ብሌን እንዳለችው ሌላ በሽታ ይፈለጋል፤ የዓይኑ የራሱ ሌንስ፣ የዓይኑ ግፊት፣ ሬቲናው፣ ነርቩ ተራ በተራ ይታያሉ። የድሮው ውጤት ከሌለ ግን ይህ ሁሉ ግምት ነው፤ ስለዚህ በየምርመራው ቀኑ፣ የሰሌዳው ዓይነት፣ በሁለት ዓይን የተገኘው ቁጥርና የመነጽሩ ልክ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁና አስቀምጡት።